ባዶ ሣጥኖች

ስለ ሥነ ጽሑፍ በሚወራበት ገጽ ላይ ስለ ኮምፒውተር ማንሣት ያለቦታው መግባት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ አንድ የአማርኛ ግጥም በፊደል ፈንታ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ሆኖ ሲታይ ጉዳዩ የማን ነው? የመሐንዲሱ ብቻ ነው ለሚለኝ አልስማማም።

ወረታ ላይ የምጠቀመው በራስበሪ ፓይ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ለገበያ የወጣች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አለው። ቦታ ማግኘት ግን መታየት አይደለም፤ የፊደሉን ቅርጽ የያዘ ፎንት ካልተጫነ የሚታየው ሣጥን ነው። «አቢሲኒካ» የተባለው ፎንት ከኢንተርኔት የሚወርድ አንድ ትንሽ ጥቅል ነው። እርሱ አልጫን ሲል ብዙ ሰው የስሕተቱን መልእክት ሳያነብ፣ ወይም የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይቶ፣ የማኅደረ ትውስታ ካርዱን ደምስሶ እንደገና ይጀምራል። ቅኔ የለመደ ሰው እንዲህ ሊያነብ አይገባም። ወርቁ ያለው ከላይ ነው፤ የመጨረሻው መስመር «አልተሳካም» ከማለት አያልፍም።

ለምሳሌ «መዝገቡ ገና አልጸናም» የሚል መልእክት ይመጣል። ከአምስተኛው ትውልድ በፊት የነበሩት ሰሌዳዎች የራሳቸው ሰዓት የላቸውም (አምስተኛውም ቢሆን የሰዓቱ ባትሪ ለብቻ ይገዛል)። መብራት ሲጠፋ መቁጠር ያቆማሉ፤ ሲነቁ ኔትወርክ ከሌለ ጊዜውን ከተኙበት ይቀጥላሉ። ትናንት የተጻፈው መዝገብ ለእነርሱ ከመጪው ዘመን የመጣ ነው። መድኃኒቱ ቀኑን በእጅ ማስተካከል ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የምንቆጥር ሕዝቦች ይህን ለመረዳት አንቸገርም፤ ብቻ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞላ።

«404» ሲልም ጥቅሉ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ያረጀው በሰሌዳው ላይ ያለው ማውጫ ነውና አስቀድሞ ይታደስ። በጭነት መካከል መብራት ከሄደ ደግሞ መልእክቱ ሥራው መቋረጡን ይናገራል፤ የሚያስቀጥለውንም ትእዛዝ ቃል በቃል ይጽፋል። መድኃኒቱ ተጽፎ ሳለ የጠፋው አንባቢ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከስሕተቶቹ ሥር ያለው ግምት ነው። አሠራሩ መብራትና ኔትወርክ እንደማይቋረጡ ያምናል። እኛ እንደዚያ ልናምን አንችልም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። የፎገራ ገበሬ የሩዝ ዘሩን ከራሱ ምርት ለይቶ ያስቀምጣል እንጂ የዘር ወቅት ሲደርስ ከሩቅ አገር ይላክልኝ ብሎ አይቀመጥም። ጥቅሎቻችንም እንዲሁ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ጎተራ ያስፈልጋቸዋል።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ለኢንቴል የተሠራ ፕሮግራም በዚህች ሰሌዳ አርም አንጎል ላይ አይሠራም፤ ፎንት ግን ለሁሉም አንድ ነው። ባሕር ዳር ላይ በማንኛውም ላፕቶፕ አውርዶ፣ በፍላሽ ይዞ፣ በጎንደር መንገድ ወረታ መድረስ ይቻላል። ኔትወርክ እስኪመለስ ይቆይ የሚሉኝ አሉ፤ ተማሪው እስከዚያ ምን እንደሚያነብ ግን አይነግሩኝም።

በእኔ ፍላሽ ላይ ለጊዜው ፎንቱ አለ። ቀጥሎ የአማርኛ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስ ላስገባ አስቤአለሁ፤ እርሱ የሚጠራቸው ጥቅሎች ብዙ ናቸውና ገና እየሰበሰብኩ ነው።