ፊልም ሊያሳይ የመጣ የሣጥን ቁልፍ አይጠይቅም

የዕድሜ እኩዮቼ፣ የአረካና የቦሎሶ ሶሬ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ለጊፋታ በዓል በሬ የምናዋጣውን ገንዘብ የምይዘው እኔ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። ዘጠኝ ቤት አምኖኝ በየወሩ መዋጮውን ወደ ስልኬ ይልክልኝ ነበር። ያ ገንዘብ በአንድ ሌሊት ከእጄ ወጣ። ወይፈን ሸጬ፣ ከልጆቼም ተበድሬ ተክቼዋለሁ፤ የማንም ብር አልጎደለም። ዛሬ የምናገረው ገንዘቡ የወጣበት በር በየቤታችሁ ክፍት ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እንደ ልጄ የማየው የጎረቤት ልጅ አንድ ማታ መጥቶ «ጋሼ፣ ይሄ አፕ የፈለጉትን ፊልም ሁሉ በነጻ ያሳያል፤ ለማውረድም ዳታ አይበላብዎትም፣ እኔ ልላክልዎት» አለኝና በዜንደር ከስልኩ ወደ ስልኬ አሻገረው። ስልኬ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ምንጩ አይታወቅም አለኝ። «ሁሌም እንዲህ ይላል፣ ይፍቀዱለት» አለ ልጁ፤ ፈቀድኩ። ቀጥሎ «ተደራሽነት» የሚል ገጽ ወጣና ይህን ካላበሩ ቪዲዮው አይከፈትም አለ፤ አበራሁ። ፊልሙ እውነትም ተከፈተ። ከባለቤቴ ጋር የቱርክ ድራማ እያየን አመሸን። መሃል ላይ ከዘጠኙ አንዱ መዋጮውን ልኮ ስለነበር፣ መግባቱን ላረጋግጥ ብዬ የገንዘቡን አፕ ከፍቼ የምስጢር ቁጥሬን አስገባሁ። ጠዋት የቡና ቅጠሉ ከእሳት ሳይወርድ ስልኬን ሳነሳ የቀረኝ 14 ብር ነበር።

የሚያውቁ ሰዎች በኋላ አስረዱኝ። «ተደራሽነት» የተሠራው በዋናነት ማየት ለሚቸግራቸው ወገኖች ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነብላቸዋል፤ እነሱን ተክቶም ይጫንላቸዋል። ለእነሱ በረከት ነው። ያው ሥልጣን ለማይታወቅ አፕ ሲሰጥ ግን የምንጽፈውን እያየ ይመዘግባል፤ ስንተኛ ደግሞ በእኛ ጣት ፈንታ ይነካል። እኔ ቤት የገባው ሌባ በር አልሰበረም። ቁልፉን በእጄ ሰጥቼዋለሁ።

እኛ የእንሰት ሰዎች ይህን ልንስት አይገባንም ነበር። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ጓሮ ከገባ መድኃኒት እንደሌለው፣ የታመመውን ነቅሎ ከመጣል በቀር መፍትሔ እንደማይገኝ እናውቃለን። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያሻግራል። ስለዚህ ከጎረቤት የተዋስነው ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ እንሰታችንን ሊነካ አይገባም። ጎረቤቱን ጠልተነው አይደለም፤ ቢላዋው የት ውሎ፣ ምን ቆርጦ እንደመጣ እሱም ላያውቅ ስለሚችል ነው። ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገርም ሆነ በቴሌግራም ቻናል የሚለቀቅ አፕ እንደዚያ ቢላዋ ነው። ያ ልጅ አልከዳኝም፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው የተቀበለው።

ድሮ ቪዲዮ ቤት ስንገባ ሳንቲም ከፍለን፣ አይተን እንወጣ ነበር። ከዚያ በኋላም ሚሞሪያችንን ይዘን ሄደን ፊልም እናስጭን ነበር። ባለ ቪዲዮ ቤቱ የሣጥናችንን ቁልፍ ጠይቆን አያውቅም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ፣ ሣጥናችን ስልካችን ሆኗል። አዲስ አበባ ሊስትሮ እየሠራ የሚውል ልጃችን የቀኑን ላብ የሚልከው ወደዚህ ስልክ ነው። ፊልም የምናይበትና የልጆቻችንን ላብ የምናስቀምጥበት ዕቃ አንድ ሆኖ ሳለ ለሁለቱም እኩል አልተጠነቀቅንም።

ይህ የአረካ ነገር ብቻ አይመስላችሁ። ሞብድሮ የሚባል ፊልምና ኳስ በነጻ የሚያሳይ አፕ ነበር፤ ሚሊዮኖች ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የስፔን ፖሊስ ሲዘጋው፣ አፑ የተጫነባቸው ሰዎች ስልክ ባለቤቶቹ ሳያውቁ ለሌላ ሥራ ይሸጥ እንደነበር ተገለጠ። በነጻ አየን ሲሉ የተሸጡት እነሱ ነበሩ። በዚያው ዓመት ቼክ ፖይንት የተባለው የደህንነት ኩባንያ ፍሊክስኦንላይን የሚባል አፕ አጋለጠ። የኔትፍሊክስን ስም ይዞ፣ የሁለት ወር ነጻ ፊልም እያለ፣ በሰዎች ዋትስአፕ ውስጥ እየገባ ራሱን ወደ ወዳጆቻቸው ይልክ ነበር። ይህኛው የተገኘው ፕሌይስቶር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከፕሌይስቶር ማውረድ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው፤ የመጨረሻው ግን አይደለም።

እንግዲህ አፕ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ከአፋችሁ አይጥፋ፤ ፊልም ለማሳየት ይህ ምን ያደርግለታል? ቪዲዮ ለማሳየት የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ነው፤ አውርዶ ለማስቀመጥ ደግሞ ቦታ። የስልክ መዝገባችሁን፣ አጭር መልእክታችሁን፣ «ተደራሽነት»ን፣ ወይም በሌሎች አፖች ላይ ተደርቦ ለመታየት ፈቃድ ከጠየቀ ለፊልም አልመጣም። እዚያው ላይ አጥፉት። የሠሪውን ስም አንብቡ፤ የታወቀው ድርጅት ራሱ ነው ወይስ ስሙን የተዋሰ? ክፍያ ከጠየቀም በስንት ቀን፣ ስንት እንደሚቆርጥ፣ እንዴት እንደሚቋረጥ ሳታውቁ እሺ አትበሉ።

ዳታውንም አስቡት። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚገልጸው፣ በዝቅተኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት 0.3 ጊጋ ባይት ገደማ ይፈጃል፤ በከፍተኛ ጥራት ግን እስከ 3 ጊጋ ይደርሳል። በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ለዓይናችን ብዙም አይታይም፤ ለኪሳችን ግን አሥር እጥፍ ነው። ጥራቱን ዝቅ ማድረግ የማያስችል፣ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ማስቀመጥ የማይፈቅድ አፕ ለእኛ አይሆንም።

«ሁሉም በነጻ» የሚለውን ቃል ፍሩት። ዩቲዩብ ነጻ የሆነው ማስታወቂያ ስለሚያሳይ ነው፤ ይህን እናውቃለን። ትናንት ሲኒማ ቤት የገባውን አዲስ ፊልም ዛሬ በነጻ የሚሰጥ ግን ከሠሪዎቹ የሰረቀ ነው፤ በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪውን መብት ይጠብቃል። ከፊልም ሠሪው የሰረቀ ሰው ለእኔ መዋጮ ይራራል ብዬ ማመኔ ጥፋቴ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘቡንና ፊልሙን ለዩ። የገንዘቡን ሲም ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ አድርጉት። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሰው አደራ የያዘ ሰው፣ የእድር፣ የዕቁብ ወይም የበሬ ገንዘብ ያለበት፣ ይህን ዛሬ ያድርግ። የልጅ ልጆቻችሁ ፊልም የሚያዩበት ስልክም የገንዘቡ ስልክ አይሁን።

አሁን ደግሞ የከበደኝን ልናገር። ገንዘቡ ሲጠፋ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። በዚህ ዕድሜዬ ተታለልኩ ለማለት አፈርኩ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ያው አፕ ከዚያው ልጅ ስልክ ወደ ሁለት ቤት ተሻገረ። አንደኛዋ ባሏ የሞተባት እናት ናት፤ ልጇ ለማዳበሪያ የላከላትን ነው ያጣችው። እኔ በመጀመሪያው ጠዋት ደጅ ወጥቼ ብጮህ ኖሮ ያ ብር ዛሬ በእጇ ነበር። የእኔን ዘጠኝ ቤት ወይፈን ተክቶታል። ያችን ሴት የበደላት ግን ዝምታዬ ነው።

ስለዚህ ከደረሰባችሁ አትደብቁ። ወዲያው ኢንተርኔቱን አጥፉ፤ በሌላ ስልክ ደውላችሁ ሒሳባችሁን አስዘጉ፣ የምስጢር ቁጥሩን ቀይሩ፣ ለፖሊስ አመልክቱ። በኮምፒዩተር መስረቅ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ከዚያ ለጎረቤት ተናገሩ፤ አጠውልግ የገባበት ሰው ለመንደሩ እንደሚናገረው።

ዛሬ ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ስልካችሁን አውጡ። ቅንብሮች ውስጥ «ተደራሽነት» የሚለውን ክፈቱና እዚያ የበራውን እዩ። ያላወቃችሁት ስም ካገኛችሁ አጥፉት፤ አፑንም ንቀሉት። ማንበብ ካቃታችሁ ወደ እኔ ኑ። በሬ ክፍት ነው፣ መነጽሬም አለኝ፤ አብረን እናያለን።