እንግዳና ተመልካች

ሰው ወደ ሰው አገር የሚሄደው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው እንግዳ ሆኖ፥ ሁለተኛው ተመልካች ሆኖ። እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ባለቤቱ ወጥቶ፥ ውሻውን ከልክሎ፥ «ይግቡ» እስኪለው ድረስ እግሩን ከደጃፉ አያሳልፍም። ተመልካች ግን አይጣራም። የመግቢያውን ዋጋ አስቀድሞ ለሌላ ሰው ከፍሏልና፥ የቤቱ ባለቤት ሊከለክለው የሚችል አይመስለውም። በዚህ ዘመን «ጉብኝት» ስለሚባለው ነገር የሚነሣው ክርክር ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚወጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

በየአገሩ የባሕር ዳር ከተሞች ዛሬ በብዛት የሚሸጥ አንድ ዓይነት ጉብኝት አለ። ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ሰዎች ካንድ አስጐብኚ ጋር በትንሽ ጀልባ ይሳፈራሉ፤ ጧት ዓሣ ነባሪና የባሕር ወፍ ያያሉ፤ ከሰዓት በኋላ የአገሩን ጥንታውያን ባለርስቶች ጭፈራና የእንጨት ሥራ ያያሉ፤ ሲመሽ ወደ ሆቴላቸው ወይም ወደ መርከባቸው ይመለሳሉ። አውሬውም ሰውም ባንድ ቲኬት፥ ባንድ ዋጋ፥ ባንድ ቀን ይታያል። ከእንዲህ ያለው ጉዞ የተመለሰ አንድ ወዳጄ ነገሩን ስነቅፍበት «እኛ እኮ እንደ ሌሎቹ በመንጋ አልሄድንም፤ ጥቂቶች ነበርን፤ ማንንም አላስቸገርንም» ሲል መለሰልኝ። ይህ የብዙ ቅን ሰዎች መልስ ስለ ሆነ፥ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ልመልስ ተነሣሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «ጥቂቶች ነበርን» የሚለውን እንመርምር። ጁኖ የምትባለው የአላስካ ከተማ 32,000 ያህል ነዋሪዎች አሏት። በ2023 በትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ወደዚያች ከተማ የመጡት ሰዎች ግን ከ1,600,000 በላይ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከመርከቡ ሲወርዱ በየትንንሹ ቡድን ይከፋፈላሉ፤ እያንዳንዱም ቡድን ራሱን ጥቂት አድርጎ ይቈጥራል። አንዲት ጀልባ 12 ሰው ብትይዝ፥ አምስት ጀልባዎች በቀን አራት ጊዜ ቢመላለሱ፥ ማታ ሲቈጠር 240 ሰው ነው። አንበጣም አንድ ባንድ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ገበሬው ግን የሚያለቅሰው አንዱን አንበጣ አይቶ አይደለም። የከተማዪቱ አስተዳደርና የመርከብ ኩባንያዎቹ በ2024 ተነጋግረው፥ ከ2026 ጀምሮ በየቀኑ ከ16,000 መንገደኛ፥ ቅዳሜ ደግሞ ከ12,000 መንገደኛ ማስተናገጃ የበለጠ እንዳይመጣ ተስማሙ። ገደቡ ራሱ የነዋሪውን ግማሽ የሚያህል መሆኑን አንባቢ ያስተውል። እንግዲህ የቡድኑ ማነስ ለተሳፋሪው ምቾት ነው እንጂ ለባለአገሩ ዕረፍት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር አውሬንና ሰውን ባንድ ቲኬት ማየት ነው። እኔ አውሬ መመልከትን አልነቅፍም፤ የፈጣሪን ሥራ አይቶ የሚደነቅ ሰው ምስጉን ነው። ነገር ግን ለአውሬ የሚገባው አንድ ነው፥ ለሰው የሚገባው ሌላ ነው። ለአውሬ የሚገባው ርቀት ነው፤ ለሰው የሚገባው ፈቃድ መጠየቅ ነው። አውሬው «እንቢ» ለማለት አንደበት የለውምና፥ ሕግ ስለ እርሱ ሆኖ ይናገርለታል። በአላስካ ወንዝና ባሕር ላይ የሚሄድ ጀልባ ወደ ጐባጣው ዓሣ ነባሪ ከ91 ሜትር የበለጠ እንዳይጠጋ የተከለከለው ስለዚህ ነው። ሰው ግን አንደበት አለው። ስለዚህ ከሩቅ ቆሞ እርሱን ማየት አክብሮት አይሆንም፤ ተጠግቶም ሳይጠይቁ ማየት ድፍረት ነው። ሁለቱን ባንድ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ሳያስበው ሰውየውን ወደ አውሬው ወገን ያሻግረዋል።

ይህን በማለቴ ያጋነንሁ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በአንዳማን ደሴቶች የሆነውን ይስማ። በዚያ ጃራዋ የሚባል ሕዝብ አለ፤ ቊጥሩ ጥቂት መቶ ብቻ ነው፤ ከውጭ ሰው ጋር በሰላም መገናኘት የጀመረውም በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በርስቱ መካከል አንድ አውራ ጐዳና ያልፋል። በ2024 ስሟ ስሪ ቪጃያ ፑራም ተብሎ ከተለወጠው ከባሕር ዳሪቱ ከተማ ከፖርት ብሌር የሚነሡ ጐብኚዎች፥ በቲኬታቸው ላይ የተጻፈላቸው የኖራ ድንጋይ ዋሻና የጭቃ እሳተ ገሞራ ነበር። ነገር ግን መኪናው የሚያልፈው በጃራዋ ደን ነውና፥ የብዙዎቹ ዓይን ዋሻውን ሳይሆን በመንገድ ዳር የሚቆመውን ሰው መፈለግ ጀመረ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 መንገዱ በዚያ ክፍል እንዲዘጋ አዘዘ፤ መንገዱ ግን ሳይዘጋ ቀረ። በ2012 የጃራዋ ሴቶች በጐብኚ ፊት እንዲጨፍሩ ሲታዘዙ የሚያሳይ ፊልም በአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ወጣና ዓለም ጉድ አለ። በያንዳንዱ መኪና ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ግን እነርሱም ጥቂቶች ነበሩ። ጥቂትነታቸው ምንም አላዳነም፤ የጃራዋ ሰው «ግቡ» ወይም «አትግቡ» የሚልበት በር አልነበረውምና።

ተመልካች የሚጐዳው ባለአገሩን ብቻ አይደለም፤ ራሱንም ያታልላል። በአላስካ ባሕር ዳር የሚኖረው የትሊንጊት ሕዝብ ከዝግባ ግንድ የሚቀርጸው ታላቅ ምሰሶ አለው፤ ይህ ምሰሶ የጐሣን ታሪክና ማዕርግ የሚናገር ነው እንጂ የደጃፍ ጌጥ አይደለም። ጐብኚው ታሪኩን ለመስማት ጊዜ ስለሌለው ትንሽ ምሳሌውን ገዝቶ ይሄዳል። ነጋዴም ይህን ችኮላ ያውቃል። በ2023 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት፥ በፊሊፒንስ ያሠራውን ቅርጻ ቅርጽ በከቺካን ከተማ ሱቆች ውስጥ የአላስካ ባለርስቶች እጅ ሥራ ነው እያሰኘ ያሸጠውን ነጋዴ በ2 ዓመት እሥራት ቀጣው። ቀራጩ እንጀራውን ተነጠቀ፤ ገዢውም ሐሰትን በክብር ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰደ። ቀራጩን በስሙ ጠይቆ፥ ከእጁ ተቀብሎ፥ ከጐኑ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ማን ያታልለው ነበር?

ደግሞም ለተመልካች የሚነገረው ተረት ነው፤ ለእንግዳ ግን ኀዘንም ይነገረዋል። በ1882 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንጉን የምትባለውን የትሊንጊት መንደር በመድፍ ደብድቦ አቃጠለ፤ ቤቶችን፥ ታንኳዎችንና ለክረምት የተከማቸውን ስንቅ አጠፋ። ይቅርታ የጠየቀው ከ142 ዓመት በኋላ በ2024 ነው። ስለ ቊራ የሚነገረውን የጥንት ተረት ሰምቶ ደስ ብሎት የተመለሰ፥ ይህን ግን ያልሰማ ሰው፥ ያንን ሕዝብ አየሁ ሊል አይችልም። ልብሱን አይቷል፤ ሰውየውን አላየም።

«ታዲያ ምን ይደረግ ትላለህ?» የሚለኝ ይኖራል። የሚደረገውን ያደረጉ ሰዎች አሉ። በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት ካይኩራ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች፤ ከባሕሩ ዳር ሳይርቅ ታላቅ ጥልቀት ስላለ፥ ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች ወደዚያ ይቀርባሉ። የምድር ባቡር ሥራ በተቀነሰ ጊዜ ብዙ ማኦሪዎች ሥራ አጡ። በ1987 ጥቂት የማኦሪ ቤተሰቦች ቤታቸውን በመያዣ አስይዘው ገንዘብ ተበደሩና በትንሽ ጀልባ ሰዎችን ወደ ዓሣ ነባሪዎቹ ይወስዱ ጀመር። ዛሬ ያ ድርጅት ከተማዪቱን በዓለም ያስጠራ ነው። ዓሣ ነባሪው ወደ ጥልቁ ወርዶ ብዙ ጊዜ 40 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይቈያል፤ ለመተንፈስ ሲወጣ በውሃው ላይ የሚያርፈው 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ጐብኚ የሚያየው ይህን የትንፋሹን ሰዓት ነው። ስለዚህ የአገሩ ሕግ ጀልባ ከ50 ሜትር እንዳይቀርበው፥ በ300 ሜትርም ውስጥ ከሦስት የሚበልጥ እንዳይገኝ ይከለክላል። በዚህ ቦታ ለአውሬው ርቀቱ ተጠበቀለት፤ ሰውየውም የበሩን ቊልፍ በእጁ ያዘ። ታሪኩን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ዋጋውን የሚቈርጠው ራሱ ነው፤ ባሕሩ ሲከፋ «ዛሬ አንወጣም» የሚለውም ራሱ ነው።

እንግዲህ ሁለት ተቃዋሚዎች ይነሡብኛል። አንዱ «እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት በዚህ ገንዘብ ነው፤ አንተ ግን እንጀራቸውን ትዘጋለህ» ይላል። እኔ እንጀራን አልዘጋም፤ እንጀራው የማን ገበታ ላይ እንደሚቀርብ እጠይቃለሁ። ባለአገሩ ጨፍሮ የቀን ሙያተኛ ደመወዝ ተቀብሎ ቢሄድ፥ የጀልባው ጌታ ግን በሩቅ ከተማ ተቀምጦ ትርፉን ቢሰበስብ፥ ይህ እንጀራ ሳይሆን ፍርፋሪ ነው። ሁለተኛው ተቃዋሚ ደግሞ «እንግዲያውስ ማንም አይሂድባቸው፤ በሩ ሁሉ ይዘጋ» ይላል። ይህም ቅን መስሎ የሚሳሳት ነው። መቀበል የሚፈልገውን ሰው «አትቀበል» ማለት፥ መቀበል የማይፈልገውን «ተቀበል» ከማለት አይሻልም፤ በሁለቱም ፈቃዱ ተወስዷል። የጃራዋ ሕዝብ ዝምታን ቢመርጥ ዝምታው ይከበርለት፤ የካይኩራ ሰው እንግዳን ቢመርጥ እንግዳው ይምጣለት።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስለን። ባሕር ባይኖረንም፥ በእኛም አገር ከጂንካ ተነሥቶ የማጎን ፓርክ አቋርጦ ወደ ሙርሲ መንደር የሚሄድ መኪና አለ፤ መንገደኛው በዚያው ቀን አውሬውንም ሰውንም ያያል። ከንፈሯን በሸክላ ያስጌጠች ሴት በፎቶግራፍ ቊጥር ይከፈላታል። ካሜራው ሲነሣ ትቆማለች፤ ሲወርድ ጨዋታው አለቀ። ስሟን የሚጠይቃት ጥቂት ነው። እኛ እንግዳ ተቀባይነታችንን በየአደባባዩ የምንናገር ሰዎች፥ ራሳችን በወገናችን ደጅ ስንደርስ መጣራቱን ከረሳን፥ ፈረንጁን የምንወቅስበት አፍ የለንም።

ስለዚህ ወደ እንዲህ ያለ ጉዞ ለመሄድ ያሰብህ ሰው፥ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት አራት ነገር ጠይቅ። ጀልባው የማን ነው? የሚናገረው ሰው የሚናገረው የራሱን ነው ወይስ የሌላውን? አውሬው ከኛ የሚጠበቅበት ርቀት ስንት ነው፤ ካፒቴኑስ ያንን ርቀት ሲጠብቅ እናጕረመርማለን ወይስ እናመሰግናለን? ከሁሉም በላይ፥ ባለአገሩ «ዛሬ አይሆንም» ቢል የሚሰማው አለ ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሻጭ፥ ቡድኑ የስምንት ሰው ቢሆን የሁለት፥ ከእርሱ አትግዛ። መልስ ያለውን ብታገኝ ግን ሂድ፤ የምትከፍለውንም ሳትከራከር ክፈል፤ የሚነግርህን እስከ መጨረሻው አዳምጥ፤ ፎቶግራፍ ከማንሣትህ በፊትም ስሙን ጠይቀህ የራስህን ስም ንገረው።