ሸማኔው ጌርድ ሙለር

በዚህ ሳምንት የምናወጋችሁ ስለ አንድ ጀርመናዊ ጎል አግቢ ነው። ስሙ ጌርድ ሙለር ይባላል። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሙለር በ1945 ኖርድሊንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ትምህርት ቤት ትቶ ሽመና ለመማር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ። ኳስም ይጫወት ነበር። በ1964 ባየርን ሙኒክ የሚባለው ክለብ ወሰደው። ይህ ክለብ ዛሬ ስሙ የገነነ ነው። ያኔ ግን ገና ሁለተኛ ምድብ ነበር።

አሠልጣኙ ሲያየው አልወደደውም። «አጭሩ ወፍራሙ ሙለር» እያለ ቀለደበት። መጀመሪያ ላይ ሜዳ አላስገባውም። እውነቱን ለመናገር፣ ሙለር ሲሮጥ ለዓይን አያምርም ነበር።

ታዲያ የጠቀመው ያ የተቀለደበት ሰውነት ነው። ቁመቱ ለመሬት ስለሚቀርብ ቶሎ ይዞራል። ጭኑ ወፍራም ስለሆነ ተከላካይ ቢገፋው አይወድቅም። ከሩቅ መምታት አያበዛም። ጎሉ አጠገብ ሆኖ ኳሷ የምትወድቅበትን ቦታ ይጠብቃል።

የ1974ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንይ። ምዕራብ ጀርመንና ሆላንድ ሙኒክ ላይ ተገናኙ። ሆላንድ በ2ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አገባች። ጀርመንም በፍጹም ቅጣት ምት አቻ ሆነች። በ43ኛው ደቂቃ ከቀኝ በኩል ለሙለር ኳስ ተላከለት። ሊያቆማት ሲል ከእግሩ ነጥራ ወደ ኋላው ቀረች። ሌላ ሰው ቢሆን «አመለጠችኝ» ብሎ ይተዋት ነበር። እሱ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ዞር አለና መሬት ለመሬት መታት። ገባች! 2 ለ 1። ዋንጫው የጀርመን ሆነ። ይህች ጎል ለአገሩ ካገባቸው 68ኛዋና የመጨረሻዋ ናት። ለአገሩ የተሰለፈው እኮ 62 ጊዜ ብቻ ነው! በጀርመን አንደኛ ምድብም በ427 ጨዋታ 365 ጎል አግብቷል።

የኳስ ወሬ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዋንጫው ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን እንቀጥላለን።

ሙለር በ1979 ወደ አሜሪካ ሄደ። እዚያ ጥቂት ዓመት ተጫወተ፤ ምግብ ቤትም ከፈተ። ኳስ ካቆመ በኋላ ግን ቀኑ ረዘመበት። አገሩ ሲመለስ መጠጥ ክፉኛ ያዘው። በ1991 የድሮ ጓደኞቹ እነኡሊ ሄነስ ደረሱለት። ምክር ብቻ ሰጥተው አልተዉትም። እንዲታከም አደረጉ፤ ሲሻለው ክለቡ ወጣቶችን የማሠልጠን ሥራ ሰጠው። ብዙ ዓመትም ሠራበት። እኛን ከዋንጫው ይልቅ የደነቀን ይሄ ነው።

በ2015 የመርሳት በሽታ እንደያዘው ተነገረ።

አንድ ነገር ይቀረናል። ሙለር በ1971/72 በአንድ የውድድር ዘመን 40 ጎል አግብቶ ነበር። ይህን ቁጥር ለ49 ዓመት ማንም አልደረሰበትም። በ2021 የዚያው ክለብ አጥቂ፣ ፖላንዳዊው ሌቫንዶቭስኪ፣ 40ኛውን አገባ። ወዲያው መለያውን ገለጥ አደረገ። ከሥር የሙለር ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሶ ነበር። በሳምንቱ በመጨረሻው ደቂቃ 41ኛውን ጨመረ። ሙለር በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ በ75 ዓመቱ ሞተ።