የኪራይ ግምትና የዳኛ ሥልጣን

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በካርቱም ሁለት ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ተከራይቶ ይሠራ የነበረ ነጋዴ ዘግቶ ወጣ። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማይቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያስብ ሁሉ፥ የተሰበረውን በርና የተዘረፈውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን አሮጌውን የኪራይ ውሉንም ሊመረምር ይገባዋል። በዚያ ከተማ የሚነግዱ የአገራችን ልጆች ብዙዎች ስለ ነበሩ፥ ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም።

ለረጅም ዘመን በሚጻፍ የንግድ ቤት ውል፥ ኪራዩ በየጥቂት ዓመቱ እንደገና እንዲታይ፥ ባለቤትና ተከራይ ሳይስማሙ ቢቀሩም ገለልተኛ ገማች ዋጋውን እንዲቆርጥ የሚል ቃል ማስገባት የተለመደ ነው። እንግዲህ አንደኛው ወገን «ገማች አልሰይምም» ቢል፥ ወይም የተቆረጠው ዋጋ አልስማማህ ቢለው፥ ዳኛ እስከ ምን ድረስ ሊገባበት ይገባል? በኛ አስተያየት ዳኛው የተዘጋውን መንገድ ይከፍታል፤ በቅንነት የተቆረጠውን ዋጋ ግን አይነካም።

የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በሰድብሩክና በኤግልተን ክርክር የፈረደው ይህንን ያስረዳል። ተከራዩ ቤቱን ሁለት ገማቾች በሚቆርጡት ዋጋ እንዲገዛ ውሉ ፈቅዶለት ሳለ፥ አከራዮቹ የበኩላቸውን ገማች ከመሰየም እንቢ አሉ። ዳኞቹም የውሉ ፍሬ ነገር ትክክለኛው ዋጋ እንጂ የገማቾቹ አሰያየም አይደለምና፥ ፍርድ ቤት ዋጋውን በሌላ መንገድ ሊያስቆርጥ ይችላል አሉ። ክርክሩ ስለ ሽያጭ ቢሆንም ምክንያቱ ለኪራይም ይሠራል። እምቢተኛ በእምቢታው ሊጠቀም አይገባውምና።

የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያው ምክር ቤት የተፈረደው የፖንስፎርድ ነገር ነው። የተከራየው ፋብሪካ ተቃጥሎ እንደገና ሲሠራ፥ ተከራዩ ለማሻሻያ ከ31,000 ፓውንድ በላይ ከኪሱ አወጣ። ኪራዩ በሚታይበት ጊዜ ውሉ «ለቤቱ ተገቢ የሆነ ኪራይ» ስለሚል፥ ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ተከራዩ ራሱ ያሻሻለው ሁሉ ከግምቱ ይግባ ብለው ፈረዱ። ተከራዩ በገዛ ገንዘቡ ለሠራው ኪራይ ከፈለ ማለት ነው! ጽሑፍ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲመልስ ለኖረ ሰው፥ «ለቤቱ» እና «ለተዋዋዮቹ» በሚሉት ቃላት መካከል ይህን ያህል ገንዘብ መኖሩ አያስደንቀውም። የካርቱም ውል በዓረብኛ የሚጻፍ ስለሆነ፥ አስተርጉሞ ሳይሰማ የሚፈርም ነጋዴ ይጠንቀቅ።

እርግጥ ሱዳን የእንግሊዝን ዳኝነት ለብዙ ዘመን ብትከተልም እ.ኤ.አ. በ1984 የራሷን የፍትሐ ብሔር ግብይት ሕግ ስላወጣች፥ የለንደን ፍርድ የካርቱምን ዳኛ አያስገድደውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም፥ ሕግ ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ዳኛ ለርትዕ ብሎ ውል እንዳይለውጥ ይከለክላል። ተዋዋዮቹ ግን የውሉ የኢኮኖሚ መሠረት ቢናወጥ ነገሩን ለግልግል ዳኛ እንዲሰጡ በቁጥር 1765 ይፈቅድላቸዋል።

ስለዚህ በካርቱም ሁለት የፈረሰ ሱቁን ለማደስ የሚነሣ ተከራይ፥ ግንበኛ ከመጥራቱ በፊት ከባለቤቱ ጋር ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጨርስ፦ ተከራዩ ያደሰው ከግምት እንዳይገባ፥ ገማቹን ማን እንደሚሰይም፥ ኪራዩም በየትኛው ገንዘብ እንደሚቆረጥ።