«አይናከስም፣ ግባ!»



ያለፈው ዐረፋ፣ ከዒድ ሰላት ተመልሰን እርድ ላይ ሳለን፣ የሰፈራችን አንድ የ7 ዓመት ልጅ እጁ በደም ተለውሶ እያለቀሰ ወደ መስጂዱ ግቢ ሮጦ መጣ። እናቱ የኡድሒያ ሥጋ በፌስታል ቋጥራ «ለጎረቤት አድርስ» ብላ ልካው ነበር። የቤቱ ባለቤት በሩን ከፍቶ «አይናከስም፣ ግባ!» አለው። ልጁም የታላቅ ቃል አክብሮ ገባ። ውሻው ገመዱ እስከሚያደርሰው ተወርውሮ ፌስታሉን ከነእጁ ያዘው።

ማታ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ባለቤቱ ቡናውን እየጠጣ «እንግዲህ ቀደር ነው፣ ምን ይደረጋል?» አለ። የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኛም ለትልቅ ሰው ክብር ብለን ዝም አልን። ዝም ማለታችን ስህተት ነበር፤ ሌላ ዐረፋ ሳይደርስ ዛሬ እንናገራለን።

በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው። ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በላይ በቀደር ያመነ ደግሞ የለም። እሳቸው ግን ሲመሽ ልጆቻችንን እንድንሰበስብ፣ በር እንድንዘጋ፣ ዕቃ እንድንከድን፣ ስንተኛ እሳት እንድናጠፋ አስተምረውናል። በቀደር የሚያምን ሰው በሩን ይዘጋል ማለት ነው። በሩን ከፍቶ፣ ሥጋ የያዘ ሕፃን ውሻ ፊት አሳልፎ፣ ከዚያ ቀደርን መጥራት የራስን ቸልተኝነት በዲን መሸፈን ነው።

ደረሳ ሳለን የቀራነውን እናስታውስ። በሻፊዒያ የፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ጉዳዩ ተጽፏል፦ ተናካሽ ውሻ ያለው ሰው እንግዳን ፈቅዶ ካስገባና ነገሩን ሳይነግረው ውሻው ከነከሰው፣ ባለቤቱ ደማን አለበት፤ ማለትም ይከፍላል። ኢብኑ ቁዳማም (ረሒመሁላህ) በአል-ሙግኒ ተፈቅዶለት የገባውንና ሳይፈቀድለት የገባውን ይለያሉ። አጥር ዘሎ የገባ ሌባ ሌላ ጉዳይ ነው። «ግባ» የተባለ ልጅ ግን በባለቤቱ አማና ሥር ነው። የአገሩም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በድንገት ቢያመልጠው እንኳ፣ ጉዳቱም ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል።

«ከዚህ በፊት ማንንም ነክሶ አያውቅም» ይባል ይሆናል። የሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢ በዚያ በር የሚያልፈው ዱላ ይዞ እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ እንምጣ፣ ወጣቶች። በማግስቱ ከእናንተው መካከል ጥቂቶች «ውሻ ነጃሳ ነው፣ እንግደለው» ብላችሁ ዱላ ይዛችሁ መጣችሁ። የከለከልናችሁ ለባለቤቱ አድልተን አይደለም። የነከሰ ውሻ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ የእብድ ውሻ በሽታ አላስተላለፈም ማለት ነው። ደብድባችሁ ገደል ብትጥሉት ኖሮ የልጁ አባት ይህን በምን ያውቅ ነበር?

ነጃሳ የሚባለው ቃልም ያለ ቦታው እየገባ ነው። በመዝሀባችን የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ማሊኪያ ዘንድ ደግሞ ውሻው ራሱ ጧሂር ነው። በሁለቱም ቢሆን የጦሃራ ጉዳይ እንጂ የዱላ ጉዳይ አይደለም። የተጠማ ውሻ አጠጥቶ አላህ የማረውን ሰው፣ ድመት አስራ ሳታበላ ገድላ የተቀጣችውንም ሴት በሐዲስ ታውቃላችሁ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሜትር ገመድ ፀሐይ ላይ ታስሮ፣ ልጆች ድንጋይ እየወረወሩበት፣ ጦሙን እያደረ የከረመ ውሻ በዒድ ቀን እንግዳ በአደብ እንዲቀበል መጠበቅ ከየት የመጣ ነው?

ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ ያሳደገ ሰው ከአጅሩ በየቀኑ እንደሚቀነስበት በሐዲስ መጥቷል። ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) ቤት መጠበቅንም ከእነዚህ ጋር አመሳስለው መፍቀድን መርጠዋል። ለፎቶ ተብሎ ሳሎን ውስጥ የሚጎለት ጀርመን ሼፐርድ የትኛውን ቤት እንደሚጠብቅ ግን እኛ አልገባንም።

ዐረፋ ለውሻ የዓመቱ ከባዱ ቀን ነው። የደም ሽታ፣ አጥንት፣ የማያውቃቸው ሰዎች፣ የሚሯሯጡ ልጆች፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት ይመጡበታል። ስለዚህ ባለቤቶች ሆይ፣ ወደ ሰላት ከመውጣታችሁ በፊት አብሉት፣ አጠጡት፣ ከዚያ በር ባለው ክፍል ዝጉበት። ገመድ አይበቃም፤ የዚያ ልጅ እጅ የተነከሰው ውሻው ታስሮ ሳለ ነው። የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ አይፈታ። አጥንት የምትሰጡትም እዚያው ተዘግቶ ሳለ ይሁን፤ አጥንት የያዘ ውሻ አጠገብ ሕፃን አይለፍ። የእንግዳን ልጅ «ና ዳብሰው» አትበሉ። አብሮት ያደገው የቤቱ ልጅ እንኳ ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ግልገል ይዛ ሳለች አይጠጋ፤ ትንንሾችን ያለ አዋቂ ከውሻ ጋር ለብቻ አትተዉ። ሲያጉረመርም አትምቱት፤ ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ተመትቶ ከተወው በሚቀጥለው ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

እናቶችም፣ ሥጋ ይዞ ጎረቤት የሚሄደው ትልቅ ሰው ይሁን። ልጆቻችሁን ደግሞ ውሻ ሲመጣባቸው እንዳይሮጡ፣ እንዳይጮኹ፣ የያዙትን ጥለው ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አስተምሯቸው።

ያን ቀን «ቡና ነስንሱበት» ያለም ነበር። ቁስሉ ላይ ቡናም ቅጠልም አይደረግም። ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል፤ ዒድ ነው ተብሎ አይታደርም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ተጠርጥሮበት ከሚነከሰው ሰው 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነው። ውሻ የያዘ ሰው በየዓመቱ ማስከተብ ዋጅቡ ነው ብንል አላጋነንም።

ልጁ አልሐምዱሊላህ ክትባቱን ጨርሷል። ወደ መድረሳ ሲመጣ ግን በዚያ መንገድ አያልፍም፣ ዞሮ ነው የሚመጣው። የሕክምናውን ወጪ የከፈለው አባቱ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከተበደረው ላይ እስካሁን እየከፈለ ነው። የውሻው ባለቤት ይህን ካነበቡ፣ ቤቱ ከእርስዎ ሦስተኛው በር ነው።