ቃና ይጻፍ

ጓደኛዬ የቤንች ተወላጅ ነው። ከቋንቋው አንድ ቃል አስተማረኝና በፊደላችን ጻፍሁት። በማግሥቱ ባነብለት ሣቀብኝ፤ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ሲገባኝ ከፍ በማድረጌ ሌላ ቃል ሆኖ ኖሯል። ለካስ የቤንች ቋንቋ አምስት የቃና ደረጃዎች አሉት!

ቻይናዊው የቋንቋ ሊቅ ዩዋን ሬን ቻው በ1930 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ያለ ነገር ምልክት አውጥቶ ነበር፤ ከአንዲት ቋሚ መስመር ጎን የምትሰመር ጭረት የድምፁን ከፍታ በአምስት ደረጃ ለይታ ታሳያለች።

«ተናጋሪው ያውቀው የለምን?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ እኛም ጠብቆ የሚነበበውን የ«ገና» በዓል፥ ላልቶ ከሚነበበው «ገና አልመጣም» የምንለየው በልማድ ነው። ለእንግዳ ተማሪ ግን ልማዱ ከየት ይምጣለት? ስለዚህ በመዝገበ ቃላትና በመማሪያ መጻሕፍት ምልክቱ ይግባ እላለሁ፤ በጋዜጣ ቢቀር ግድ የለኝም።

እኔስ ያንን ቃል ጭረት ጨምሬ ደግሜ ጽፌዋለሁ።