ክሩ ይታይ ወይስ ይደበቅ?

ቁም ሳጥን ስናጸዳ አንድ ፌስታል ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ አገኘን። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት፣ የነጠላ ጫፍ፣ የትምህርት ቤት ሸሚዝ፣ እማዬ ለሥራ ትለብሰው የነበረ ሰማያዊ ጋውን… “ይሄማ ብርድ ልብስ ይወጣዋል!” ብለን እኛ እህትማማቾቹ ፌስታሉን አንጠልጥለን ገርጂ ወዳሉ አንድ ልብስ ሰፊ ሄድን። ጋሼ አገላብጠው አዩትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ “ክሩስ ምን ቀለም ይሁን?”

እዚያው ተጣላን።

ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ከላይ ቁርጥራጩ፣ መሐል ጥጡ፣ ከሥር ገበሩ አለ። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘው ስፌት ሁሉንም ቀለም አቋርጦ ይሄዳል። ቀዩ ላይ የጠፋ ክር ነጩ ላይ ይጮኻል። የጋሼ ምክር ግራጫ ወይም ክሬም ነበር፤ አብዛኛው ቀለም ላይ አይጎላም፣ ስፌት ቢጣመምም ይሸፍናል። እኛ ደግሞ ደማቅ ቀይ አልን። ለምን ይደበቃል? ይታይ!

ምክንያት አላጣንም። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 ኒውዮርክ፣ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታይተዋል። የጃፓን ገበሬዎችም ሰማያዊ ጨርቃቸውን በነጭ ክር ፊት ለፊት ይጥፉ ነበር። እኛስ ምን ያሳፍረናል?

እማዬ ግን ስትሰማ ሳቀች። “ደሪቶ ልታሰፉ ነው በሉኛ!”

ደሪቶ! ልብ በሉ፣ በእራፊ ላይ እራፊ እየተጣፈ ለሚሰፋ ልብስ የራሳችን ቃል አለን። ችግሩ ቃሉን ለድህነት ስም አድርገን ማስቀመጣችን ነው። ቦሌ ላይ ተቀዶ የሚሸጥ ጂንስ በደህና ዋጋ ገዝተን የምንለብስ ልጆች፣ “ደሪቶ” ሲባል እንሸማቀቃለን።

ከዚያ እማዬ የጋውኑን ቁራጭ አነሳችና ክርኑ ጋ ጣቷን አሳረፈች። እዚያ ጋ ተቀዶ ተሰፍቷል። ባታሳየን ኖሮ አናየውም ነበር። ከዚያው ከጋውኑ ጠርዝ ክር መዝዛ ነው የሰፋችው፤ ቀለሙ እንዳይለይ፣ የሥራ ባልደረቦቿ እንዳያዩባት። ስንት ዓመት ሙሉ እኛም አላየንባትም።

ዝም አልን።

እንግዲህ አቋማችን ይኸው ነው። የሚታይ ክር ያምራል፤ አሁንም እንወደዋለን። ነገር ግን መታየትን መምረጥ የሚችለው መደበቅ የማያስፈልገው ሰው ነው። እማዬ የደበቀችው ስለ አፈረች ብቻ አልነበረም፤ ክብሯን የጠበቀችው በዚያ ስፌት ነው። ያንን ስፌት “ኋላ ቀርነት” ብሎ፣ የራስን ቀይ ክር “ነጻነት” ብሎ መጥራት ደግሞ ትዕቢት ነው።

ለማሰፋት ላሰባችሁ የተማርነውን እንንገራችሁ። ለክር ግዢ ሾላ ስትወርዱ ቁርጥራጫችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ጥቅሉን አይታችሁ አትወስኑ፤ አንድ ዘለላ መዝዛችሁ ጨርቁ ላይ አጋድሙት፤ ክር ሲሰፋ ከጥቅሉ ነጣ ብሎ ይታያል። ከሱቁ መብራት ወጥታችሁ በፀሐይ እዩት። የገበሩን ቀለምም አትርሱ፤ ከሥር የሚወጣው የቦቢኑ ክር ነው። መጀመሪያም በትርፍ ጨርቅ ላይ ይሞከርላችሁ።

የእኛው ብርድ ልብስ በቀይ ክር ተሰፍቷል። የጋውኑ ቁራጭ ላይ ሲደርሱ ግን ጋሼ ማሽኑን አቁመው ሰማያዊ ክር አስገቡልን። የክርኑን ስፌት ማንም አያየውም። እኛ ግን የት እንዳለ እናውቃለን።